የሱቃችንን ቤት ታሪክ ለጠየቁህ

ቶሮንቶ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ እንዴት ናት? ለጉልበቷ የላክሁት ቅባት ደረሰላት ወይ? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ዘንድሮ ቶሎ ገብቷል፤ ካፖርቴን ካወጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማለዳ የሚያስነሣኝ ሥራ ስለሌለ ቁጭ ብዬ መጻፊያ ጊዜ አላጣሁም። ረጅም ደብዳቤ ነው፤ ታገሠኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ያልከኝ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። የጎንደር ፒያሳን አሮጌ ቤቶች እየዞሩ የሚመዘግቡ ልጆች ሱቃችን ደጃፍ ቆመው፣ «ይህን ቤት ማን ሠራው? መቼ ተሠራ? በማን እጅ አለፈ?» ብለው የሚሞላ ወረቀት ሰጥተውህ ሄዱ። አንተም «ጣልያን ሠራው፤ አያቴ ገዙት፤ ከእሳቸው ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ» ብለህ በሁለት መስመር ጨረስከው። ወረቀቱን ገና አልመለስኩም ስላልከኝ ደስ ብሎኛል። የጻፍከው ውሸት የለበትም፤ ግን ወንድሜ፣ ዋናው ሰው ጎድሎበታል። አንተ በዚያ ጊዜ ሕፃን ነበርክና አልፈርድብህም። እኔ ግን ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ። ያላየሁትን ደግሞ ከአያታችን ከአባባ አፍ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍልህ። ማታ ከእራት በኋላ ለእማዬ ጮክ ብለህ አንብብላት፤ የሳትኩት ካለ ታርመኝ።

ጣልያን ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ነው። ከተማችንን «አማራ» ብሎ ለከለለው ግዛት መቀመጫ አደረጋትና ዕቅድ አወጣላት። ዕቅዱን የነደፈው ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል አርክቴክት ነበር። ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ማዕዘናቸው ክብ የሆነው ቢጫ ሕንጻዎች ሁሉ የዚያ የአምስት ዓመት ሥራ ናቸው። የእኛም ቤት ከዚያው ወገን ነው። ሰው «የጣልያን ቤት» የሚለው ለዚህ ነው፤ እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያው እል ነበር።

አባባ ግን ይህን ቃል ሲሰሙ ይቆጡ ነበር። «ጣልያን ወረቀት ላይ ሣለው እንጂ ድንጋዩን ማን ጠረበው?» ይሉኝ ነበር። አባባ በዚያን ጊዜ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ በቅሎ ጭነው መተማ ይወርዱ ነበር። ቡናና ሰም ይዘው ይሄዳሉ፣ አቡጀዲድ ይዘው ይመለሳሉ። ወረራው መንገዱን ሲዘጋባቸው በቅሎዎቻቸውን ለድንጋይና ለኖራ ማመላለሻ አከራዩ። የእኛን ቤት ድንጋይ ከመሠረቱ ጀምሮ ያመላለሱት እነዚያ በቅሎዎች ናቸው። ጠራቢዎቹ ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር የመጡ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። በጎንደር የግንበኝነትና የብረት ሥራ ጥበብ በእነሱ እጅ እንደነበረ ታውቃለህ፤ የነገሥታቱን ግንቦች ሲሠሩም አባቶቻቸው እንደነበሩበት ሽማግሌዎቹ ይናገሩ ነበር። አባባ አንዱን ጠራቢ በጣም ያደንቁት ነበር። ድንጋዩን በመዶሻ ከመምታቱ በፊት በጣቱ ያንኳኳውና ድምፁን ያዳምጣል፤ ድምፁ ካልጣመው ይጥለዋል። ከሱቁ በስተግራ ያለውን የማዕዘን ድንጋይ ሂድና እየው። በመጋጠሚያው መካከል ቢላ አይገባም። ያ የእሱ እጅ ነው።

ስለዚህ «ማን ሠራው?» ለሚለው ጥያቄ «ዕቅዱ የጣልያን፣ እጁ የጎንደር ግንበኞች» ብለህ ጻፍ። የወለቃን ሰዎች አትርሳ። ከፊሎቹ በ1977 በሱዳን በኩል፣ ሌሎቹ በ1983 በአይሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደዋል። እዚያው ቆመው ሥራቸውን የሚያስታውሱልን ልጆቻቸው አጠገባችን የሉም።

ቤቱን መጀመሪያ የያዘው አንድ የጣልያን ነጋዴ ነበር፤ ፓስታ፣ የወይን ጠጅና የቆርቆሮ ምግብ ለነጮቹ የሚሸጥ። ፋሺስቶቹ ነጭና ጥቁርን የሚለይ ሕግ ነበራቸው፤ ገበያውም ሠፈሩም ተለይቶ ነበር። አባባ ድንጋዩን ያመላለሱበትን ቤት በፊት ለፊት በር አልገቡበትም። ዕዳቸውን የሚቀበሉት በጓሮ በኩል ነበር፤ ዛሬ አንተ ባዶ ሳጥኖች የምትከምርበት ያቺ ጠባብ በር። አባባ ሱቁን ከያዙ በኋላ ያቺን በር ለሰው መግቢያ አድርገው አያውቁም። «በጓሮ የሚገባ እንግዳ የለኝም» ይሉ ነበር። ለማኝ እንኳን ቢመጣ በፊት ለፊት ነው የሚያስገቡት።

ጎንደር የጣልያን የመጨረሻ ምሽግ ነበረች። አዲስ አበባ ጃንሆይ ከገቡ ከስድስት ወር በላይ ቆይታ ነው የወደቀችው። የጣልያን ምሽግ የነበረው ኩልቋል በር በኅዳር 12 ቀን 1934 ተሰበረ፤ የጣልያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ ደግሞ ኅዳር 18 እጁን ሰጠ። በዚያ ሰሞን የእንግሊዝ አይሮፕላን ከተማዋን ይደበድብ ነበር፤ የታላቁ ኢያሱ ግንብ የተጎዳው ያን ጊዜ ነው። በቆጡ ሥር፣ ከሚዛኑ በላይ ያለችውን እንደ መብረቅ የምትወርድ ስንጥቅ ታውቃታለህ አይደል? አባታችን አባዬ በየዓመቱ በኖራ ይደፍናታል፣ በየክረምቱ ተመልሳ ትወጣለች። አባባ «የቦምብ ምልክት ናት» ይሏት ነበር። ለሚመዘግቡት ልጆች አሳያቸው፤ አትደብቃት።

ከነጻነት በኋላ ቤቱ የጠላት ንብረት ተብሎ በመንግሥት እጅ ገባ። አባባ በመጀመሪያ ተከራዩት፣ ቆይቶም ገዙት። ከዚያ ወዲያ ያለውን የገንዘብ መሳቢያው ይመሰክራል። ትዝ ይልሃል፣ ከባንኮኒው ሥር ያለው ባለ አምስት ክፍል የዋንዛ መሳቢያ? ልጅ ሆኜ እሱን መጥረግ የእኔ ሥራ ነበር። በስተኋላ ባለው ክፍል አባባ ለማስታወሻ ያስቀሯቸው ገንዘቦች ነበሩ፤ ጠገራ ብር ማርያ ቴሬዛ፣ የጣልያን ሊሬ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ መልክ ያለበት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ። በዚያ ሁሉ ገንዘብ ነግደዋል። የራሳችን የጃንሆይ ብር በ1937 ሲወጣ የጎንደር ገበሬ ወረቀቱን አላምን ብሎ «ጠገራ ስጡኝ» እያለ አስቸግሯቸው ነበር። አባባ ወረቀት የሰጡትን ገበሬ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ና፣ ካልፈለግኸው በጠገራ እመነዝርልሃለሁ» እያሉ ነው ያለማመዱት። ቃላቸውንም ይጠብቁ ነበር። በጥቅምት 1969 ደርግ የጃንሆይን ብር ሲቀይር አባዬ አንዷን አሮጌ አምስት ብር ሳይቀይር እዚያው ክፍል ውስጥ ጨመራት። አሁንም እዚያ አለች ብዬ አምናለሁ።

የሱቁን ሽታ እዚህ ሆኜ በሕልሜ ይሸተኛል። ላምባ፣ በርበሬ፣ ጧፍ፣ አዲስ አቡጀዲድ፣ የወንጂ ስኳር ጆንያ። ዳንፎርዝ የሚባለው ጎዳና ላይ የሐበሻ ሱቆች አሉ፤ በርበሬና ሽሮ፣ እንጀራም ይሸጣሉ። አንዳንዴ ምንም ሳልገዛ እገባለሁ። ግን የላምባው ሽታ ስለሌለ ልክ አይመጣልኝም። ለስኳር የምንጠቀልላትን እንደ ጡሩንባ የሾለች ወረቀት እስካሁን ሳላስበው በጣቴ እሠራታለሁ። የልጅ ልጄ ፖፕኮርን ስጭንላት «አያቴ ይህን የት ተማርሽ?» ብላኝ ሱቁን ነገርኳት። ፎቶ አሳዪኝ አለች፤ አንዲትም አልነበረኝም። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ መልስ ጋር ፎቶ ላክልኝ፤ ከውጭም ከውስጥም፣ ዕቃውን ሳታስተካክል እንዳለ።

የዱቤውን ደብተር ግን ልንገርህ፤ ምክንያቱም ሰዎቹ ያን የሚጠይቅ መስመር ወረቀታቸው ላይ የላቸውም። አባባ ዳዊት የደገሙ ሰው ስለነበሩ መጻፍ ያውቃሉ። ሆኖም የባለዕዳውን ስም አይጽፉም ነበር። «ስሙ ቢጻፍና ደብተሩ ቢጠፋ፣ ያገኘው ሰው በዕዳው ያዋርደዋል» ብለው በምልክት ነው የሚይዙት። «በቅሎዋ የሞተችበት - ጨው፣ ሁለት አሞሌ።» «የድንጉዛ ኮት - ላምባ።» «ከአዘዞ የምትመጣው፣ መንታ የወለደች - አቡጀዲድ ስድስት ክንድ፤ በጥር ትከፍላለች።» ይቺን የመጨረሻዋን በልቤ ነው የያዝኳት። ከጎኗ «ከፈለች» የሚል የለም። በሌላ ቀለም «ተወው» ተብሎ ተሰርዟል። መቼና ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ አሁን ብጠይቅ ደስ ባለኝ።

በጥምቀት ደግሞ ሱቁ አይነግድም ነበር። አርባ አራቱ ታቦት የተባለላት ከተማ ታቦቶቿን ይዛ ወደ ፋሲል መዋኛ ስትወርድ እኛ ከዋዜማው ጀምሮ ሦስት እንስራ ውኃ ደጃፍ ላይ እንደረድራለን። ከገጠር ለመጣ እግረኛ ሁሉ በጣሳ መስጠት የልጆች ሥራ ነበር። ውኃ የሚቀዳው ሌሊት ነው፤ እማዬ ናት የምታስነሣን። ከዚያ በነጭ የተሞላው መንገድ እልልታውን እያሰማ ሲያልፍ ከሱቁ ሰገነት ሆነን እናያለን፤ በስተጀርባ የግንቡ ጫፍ ይታያል። ያ ሰገነት ዛሬ ታሽጎ መጋዘን ሆኗል ብለኸኛል። ክፈተው። ሌላ ምንም ባታደርግ እሱን ክፈተው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 47ን አወጀ። ዜናው በሬዲዮ ሲነገር አባዬ ባንኮኒው ላይ ስኳር እየመዘነ ነበር፤ የሚመዝነውን ሳይጨርስ ቆመ። እኛ ያን ጊዜ ሁለት ቤት ነበረን። አንዱ ቀሃ ኢየሱስ አጠገብ የነበረው መኖሪያችን፤ አንተ የኮክ ዛፉን ታስታውስ ይሆናል፣ ቤቱን ግን እንጃ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ጓዳው ሦስት ነው፣ እማዬ ለሠርጓ የመጣችበት ነው፣ እኔም አንተም የተወለድንበት ነው። ሌላው ይህ ሱቅ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቅደው አንድ መኖሪያ ነው። ንግድ ቤት በፈቃድ ሊያዝ ይችል ነበር፤ ግን ፈቃዱን ማን ያገኛል፣ ማንስ ይከለከላል፣ በዚያ ክረምት የሚያውቅ አልነበረም። የወር ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ይሄዳል። ነጋዴው ሁሉ ሌሊት ሌሊት እየተጠራራ ይመካከር ነበር።

አባዬ ቆርጦ ነበር። «መኖሪያው ይትረፍ፣ ሱቁን ይውሰዱት፤ ልጆቼን ሜዳ አልጥልም» አለ። አጎቶቻችን ተስማሙ። የተማሩትም ሰዎች ተስማሙ። አስተዋይ ውሳኔ ይመስል ነበር። እማዬ ግን ቡናውን እያፈላች ዝም ብላ ሰምታ ስታበቃ፣ ሦስተኛውን ስኒ ሳታነሣ እንዲህ አለች፦ «ያ ግቢ መተኛ ነው። ይህ ሱቅ እንጀራ ነው። መተኛ የትም ይገኛል።» አባዬ «የት ልትተኙ ነው?» ቢላት፣ «ሱቁ ውስጥ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ዕቃ ጫንን። ወንድሜ፣ ያን ቀን አስታውሳለሁ፤ ዝናብ ነበር። እማዬ የሠርጓን ሙዳይና ምጣዷን ይዛ ወጣች። ኮኩ ገና አልበሰለም ነበር። ወደ ኋላ አላየችም። እኛ ስናለቅስ እንኳን አልተቆጣችንም፤ ምጣዱን ብቻ በኔ ራስ ላይ አድርጋ «እንዳትሰብሪው» አለችኝ። ስድስት ነፍስ በዚያች ጓዳና ቆጥ ላይ ገባን። አንተና ታናሽህ በስኳር ጆንያ ላይ ተኛችሁ። እማዬ በጓሮዋ ጠባብ በር ላይ ጉልቻ ጎለተች፤ አባባ ሰው እንዲያልፍባት ያልወደዱት በር ቤተሰብ አበላች። የቀበሌ ሰዎች ለምዝገባ ሲመጡ ልብስ ተሰቅሎ፣ ሽሮ ተንተክትኮ አገኙ። «ይህ ንግድ ቤት አይደለም እንዴ?» ሲሉ እማዬ፣ «አልጋዬ ይኸው፣ ልጆቼ ይኸው፣ ምጣዴ ይኸው። መኖሪያዬ ይህ ነው፤ ያኛውን ውሰዱት» አለቻቸው። የቀሃው ቤት ሄደ። ሱቁ ቀረ። አባዬ በመዝገቡ ላይ በስሙ ፈረመ። ቤቱን ያተረፈው ግን የእሷ ቃል ነው።

ይህም የታሪኩ ግማሽ ነው። ቀጥሎ የመጣው ከዚያ ይብሳል። ስኳሩ፣ ጨው፣ ሳሙናውና ላምባው በቀበሌ የኅብረት ሱቅ በኩል በራሽን መታደል ሲጀምር የእኛ መደርደሪያ ባዶ ሆነ። ባዶ ስልህ ባዶ ነው፤ ከላይኛው እስከ ታችኛው የዋንዛው እንጨት ይታያል። አባዬ በዚያን ጊዜ ልቡ ተሰበረ፤ ወንድ ልጅ ባዶ ሱቅ ውስጥ መቆም አይችልም እያለ ከቤት መዋል አበዛ። ሱቁ ከተዘጋ ደግሞ ንግድ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ፈቃዱ ከተሰረዘ ቤቱን ሌላ ሰው ያየዋል። ይህን የተረዳችው እማዬ ናት። በየማለዳው የብረቱን መዝጊያ ወደ ላይ ጠቅልላ ትከፍታለች። የምትሸጠው መርፌ፣ ክር፣ ጧፍና ራሷ የቆላችው ቆሎ ነበር። ባንኮኒው ላይ ጥጥ እየፈተለች ትውላለች። ሰው ሲያልፍ «ዛሬም ከፍተሻል?» ይላታል። «ዛሬም» ትላለች። ማታ ትዘጋለች። በነጋታው ትከፍታለች። እኔ እስከ ሄድኩበት ቀን ድረስ አንድም የሥራ ቀን ሳትከፍት ቀርታ አላየሁም። ከሄድኩም በኋላ እስከ 1983 እንደዚያው እንደኖረች አንተ ነህ የነገርከኝ። የፈተለችው ጥጥ ጋቢ ሆኖ በካርቱም በኩል በሰው እጅ ደርሶኛል፤ አሁንም አልጋዬ ላይ ነው።

የሄድኩበትን ሌሊት በሰፊው አልጽፍም፤ እናንተም እኔም እናውቀዋለን። 1970 ነበር፤ በየመንገዱ የወጣት ሬሳ የሚታይበት ዘመን። እማዬ ያቺን የጓሮ በር ከፍታ አወጣችኝ። ከመሳቢያው የኋላ ክፍል ሁለት ጠገራ ብር አውጥታ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝ። በአርማጭሆ በኩል መተማ፣ ከዚያ ገዳሪፍ። አንዱን ጠገራ ገዳሪፍ ላይ ለመኪና ሸጥኩት። አንዱ አለኝ። ለልጅህ ለትልቋ በሚመጣ ሰው እልከዋለሁ፤ ወደ መሳቢያው ይመለስ።

ታዲያ ወንድሜ፣ «በማን እጅ አለፈ?» ለሚለው ጥያቄ «ከአያቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ» ብለህ ስትጽፍ ያ ሁሉ ዓመት የት ገባ?

አሁን ስለ ቤቱ እድሳት የጠየቅኸኝን ልመልስ። ግንባሩ ተላልጧልና በሲሚንቶ ላስለስነው፣ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር እንዲመሳሰል ይቀባ ብለሃል። ቀለሙን እንደ ደንቡ ይቀቡት፤ በሲሚንቶ ግን አትለስነው፣ እለምንሃለሁ። የቤቱ ድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስገባል፣ መልሶም ያስወጣል። ሲሚንቶ ላዩን ሲሸፍነው ከመሠረቱ የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ድንጋዩ ውስጥ ይታመቃል፣ ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል፣ ኖራውንም ይበላዋል። ይህን ከራሴ አይደለም የማመጣው። በፋሲል ግቢ ጣልያኖች ግንቦቹን በሲሚንቶና በኮንክሪት ጠግነዋቸው ጉዳት ስላመጣ፣ ከጊዜ በኋላ ያ ጥገና እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። ግቢው በፈረንጆች 1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እዚያ ጥገና ላይ የሠሩ ግንበኞች አሁንም በከተማው አሉ። አንዱን ፈልግና ሱቁን አሳየው። ኖራው በጉድጓድ ውስጥ በውኃ ተዘፍዝፎ በደንብ እስኪበስል መቆየት አለበት፤ ትኩሱን ኖራ ልለስን የሚልህን አትመነው። ወጪው የሚበልጠውን እኔ እሸፍናለሁ። ለዚህ ያስቀመጥኩት አለኝ፤ ከእኔ ጋር አትከራከር።

ስንጥቋን ከመድፈናችሁ በፊት ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው አሻግረህ ትንሽ የመስታወት ቁራጭ በጀሶ ለጥፍባትና አንድ ክረምት ጠብቅ። መስታወቱ ከተሰበረ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው፣ መሠረቱ ይታይ። ካልተሰበረ አሮጌ ቁስል ናት፣ በኖራ ትዘጋለች። የእንጨቶቹን መዝጊያዎች አትቀይራቸው፤ ጥድ ናቸው፣ ምስጥ አይደፍራቸውም፣ ቀለሙን ብቻ አስፍቀህ ዘይት አስቀባቸው። ጂ ፕላስ አራት እንሥራ ያሉህን የአጎታችንን ልጆችም በክብር መልስላቸው። ገንዘቡን እንደማትጠላው አውቃለሁ፤ የልጆች ትምህርት ቤት አለብህ። ነገር ግን ያን ቤት በእኔ በኩል የሚያፈርስ ውክልና አልፈርምም። ተቆጣኝ፤ ይህን በስልክ ልነግርህ ስላልደፈርኩ ነው በደብዳቤ የጻፍኩት።

ወረቀቶቹ ያሉበትንም ልንገርህ፣ እማዬ ረስታው እንደሆን። ከቆጡ መሰላል በስተቀኝ ሦስተኛው መደርደሪያ ኋላ ሳንቃው ይነቀላል። ከጀርባው የሻይ ቆርቆሮ አለ። ውስጡ የአባባ የግዥ ውል፣ የጃንሆይ ዘመን የግብር ደረሰኞች፣ የ1967ቱ የምዝገባ ወረቀትና አንዱ የዱቤ ደብተር ነበሩ። ከነቀልከው እጅህን በደንብ አድርቅ፤ ወረቀቱ ሳስቷል። ለሚመዘግቡት ልጆች ዋናውን አትስጥ፣ ፎቶውን አንሥተው ይሂዱ። የዱቤውን ደብተር ፎቶ ግን ለእኔም ላክልኝ፤ የአዘዞዋን ሴት ገጽ።

ከዚያ ያን ቅጽ አዲስ ወረቀት ጠይቅና እንደገና ሙላው። ዕቅዱን ያወጣው፣ ድንጋዩን የጠረቡት፣ ያጋዙት በቅሎዎች፣ አባባ፣ አባዬ፣ ሁሉም ይግቡ። «ከሐምሌ 1967 እስከ 1983 ሱቁን ከፍታ የጠበቀችው» በሚለው ላይ የእማዬን ሙሉ ስም ከነአባቷ ጻፍ። አጎቶቻችን ምን ይላሉ ብለህ አትስጋ። እሷ ይህን ስታነብላት «ተው፣ የኔ ስም ምን ያደርግላችኋል» እንደምትል ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። እሺ በላትና ጻፈው።

እማዬ ጉልበትሽን ሳምኩ። ልጆቹን ሳምልኝ።

እህትህ